ከሥራ በኋላ ለመሳል

ቀን ባንክ ውስጥ ብር እቆጥራለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ሥዕል እስላለሁ። ይህን የምጽፈው መሳል እየፈለጋችሁ “ጊዜ ሳገኝ” እያላችሁ ለቆያችሁት ነው። ጊዜ ተርፎ አይገኝም፤ ከቀኑ ላይ መቀነስ አለበት። ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ትንሽ ደብተርና “2B” (2ቢ) የሚል የተጻፈበት አንድ እርሳስ ግዙ። “HB” (ኤችቢ) የሚለው እርሳስ ለጽሕፈት ጥሩ ነው፤ 2ቢ ግን ለስለስ ስለሚል ጥላውን በደንብ ያጠቁራል። ላጲሱ ቤት ይቅር። የተሳሳተው መስመር ይታይ፤ ቀጣዩን የት እንደምታሰምሩ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ጀበና ቡና የሚሸጥበት ቁጭ በሉና ጀበናውን ሳሉ። “ጀበና መቼ ጠፋኝ” ብላችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሳሉት። እሱ በትክክል ከመጣ አንገቱም ሆዱም መጠናቸውን ይይዛሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። ቀጥሎ ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ እዩት፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጥላው ጎልቶ ይወጣል። ከቻላችሁ ጠዋት አንድ ሰዓት ወይም አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ይሁን። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ያጥራል።

ሰው ስትስሉ አስፈቅዱ። ከወደዱት ሥዕሉን ስጧቸው። ቡና የምታፈላልን እመቤት የሰጠኋትን ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች፤ ለማን እንደምስል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሲደክማችሁስ? ደብተሩን ግለጡና ቀኑን ብቻ ጻፉ። ከዚያ አንድ ሲኒ ሳሉ። ብዙ ጊዜ እጅ ራሱ ይቀጥላል።