ቤተ ክርስቲያን መድረስ ሲያቅት ዳዊቱን በቀኑ ቁጥር ድገሙ

መንገድ ሲዘጋ ወይም ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ደሴም ሆነ ላስታ፣ የቤት ጸሎት ቶሎ ይቋረጣል፤ ሰው የት ላይ እንዳቆመ ይጠፋበትና ይተወዋል።

ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ ዐሥር ዐሥሩ አንድ ንጉሥ ይባላል፣ በድምሩ 15 ንጉሥ። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በቀን አንድ ንጉሥ የሚደግም ሰው በወር ሁለቴ ይጨርሳል። ምልክት ማድረግ ሳያስፈልግ ቀኑን አይቶ መክፈት ነው። ወሩ በገባ በ4 አራተኛው ንጉሥ፣ ከ31 እስከ 40። ከ15 ካለፈ 15 ቀንሱ፤ መስከረም 21 ግሸን መውጣት ያልቻለ ሰው ስድስተኛውን፣ ከ51 እስከ 60 ያለውን ይደግማል። ያመለጠውን ለማካካስ አትሞክሩ፣ ሰውን የሚያስተወው የተከመረ ዕዳ ነው። አብሽሩ፣ የዛሬውን ቀጥሉ።

12 እና 27 ቀን ላይ ተጠንቀቁ፤ 176 ቁጥር ያለው 118ኛው መዝሙር እዚያ ነው። 22 ክፍል ስላለው 11ዱን ጠዋት፣ 11ዱን ማታ አድርሱ።

«እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በአንዱ እትም 22ኛ፣ በሌላው 23ኛ ነው። አብራችሁ የምትደግሙ ከሆነ አንድ እትም ያዙ፣ አለዚያ አንዱ ቤት ሌላ ገጽ ላይ ይገኛል። ስልክ ላይ ባለው ብቻ አትተማመኑ፤ መብራት ከጠፋ ዳዊቱም አብሮ ይጠፋል። ጧፍ ለመቆጠብ የሠርኩን ጸሎት በ11 ሰዓት፣ ሳይመሽ ጨርሱ።

ለጳጉሜን ጸሎተ ነቢያት አለላችሁ፣ ከዳዊቱ መጨረሻ ታገኙታላችሁ። የንስሐ አባታችሁ የሰጡት ሥርዓት ካለ ግን እሱ ይቀድማል።