አቦሉን ጠዋት፣ ጦስኙን ማታ፦ ቡናን በሰአቱ መጠጣት እንዴት እንደሚቻል

ጎንደር ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ቀንሱ ማለት ጸብ መፈለግ ነው፣ እኔም አልልም። የምለው ስንት ስኒ ጠጣሁ ብላችሁ ከምትጨነቁ የትኛውን ስኒ በስንት ሰአት ጠጣሁ በሉ ነው። ይሄ እስኪገባኝ ሁለት አመት ሙሉ ሌሊት 8 ሰአት ላይ አይኔን አፍጥጬ የሰፈር ውሻ ሲጮህ ሳዳምጥ ኖሬአለሁ፣ ጠዋት እንቅልፌን ለመግፈፍ ሁለት አቦል፣ ማታ እንደገና ማፍጠጥ፣ በቃ አዙሪት።

መጀመሪያ የምትተኙበትን ሰአት ያዙና ስምንት ሰአት ወደኋላ ቁጠሩ። ማታ 4 ሰአት የሚተኛ ሰው የመጨረሻ ጠንካራ ቡናው ከቀኑ 8 ሰአት ላይ ነው ማለት ነው። ለምን ብትሉ ካፌይን በግማሽ ሰአት፣ ቢበዛ በአንድ ሰአት ደም ውስጥ ይገባል፣ አወጣጡ ላይ ግን አይቸኩልም፣ ግማሹ እስኪወጣ ለብዙ ጤነኛ ሰው 5 ሰአት አካባቢ ይፈጃል። 10 ሰአት ላይ ቡና ጠጡ ተብሎ 120 ሚሊግራም የወሰደ ሰው ማታ 3 ሰአት ላይ 60ው ገና አብሮት አለ፣ ሌሊት 8 ሰአት ላይ እንኳን 30። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይ የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስዱ ከሆነ ከዚህም በላይ ይቆያል (ለእርጉዝ በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል፣ ለሌላው ጤነኛ አዋቂ 400 ነው)። "እኔ እኮ ጠጥቼ ወዲያው ነው የምተኛው" የሚል ሰው በየቤቱ አለ፣ የኔም አጎት እንደዛ ነው፣ መተኛቱን ይተኛል ግን እንቅልፉ ይሳሳል፣ ጠዋት ሲነሳ ፊቱን ማየት ነው።

ቀጥሎ ጀበና ውስጥ ስንት እንደሚገባ እወቁ። ለዚህ ሚዛን ምናምን አትግዙ፣ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። አንድ ማንኪያ የተወቀጠ ቡና 5 ግራም አካባቢ ነው፣ የኛ ቡና ደግሞ የዘጌም ይሁን የጅማ አረቢካ ስለሆነ ከክብደቱ 1.2 ፐርሰንት ያህሉ ካፌይን ነው፣ ስለዚህ በማንኪያ 60 ሚሊግራም ብላችሁ ያዙ። ስድስት ማንኪያ ከገባ 360 ነው፣ ሶስት ሰው ሶስቱንም ዙር ከጠጣ ለአንድ ሰው ወደ 120 ይደርሰዋል። አንዳንዱ ከሰል እስኪመስል ያረረ ቡና ሀይለኛ ይመስለዋል፣ ሀይለኛው ምሬቱ ነው እንጂ ካፌይኑ በመቁላት ብዙም አይለወጥም። ወተትም አይቀንሰውም። ፒያሳ ላይ ከ11 ሰአት በኋላ "ማኪያቶ ቀላል ናት" እያሉ የሚያዙ ሰዎች ይገርሙኛል፣ ከማሽኑ የወጣው ቡና እኮ ከወተቱ ስር ቁጭ ብሏል፣ እሱም 60 ሚሊግራም አካባቢ ነው።

ጠዋት ላይ ብዙ የሚባል የለም፣ አቦል ጠጡ።

ዋናው ጣጣ 10 ሰአት ላይ ነው። በሂሳባችን 8 ሰአት ላይ ተዘግቷል፣ ጎረቤት ግን ጀበና የሚጣደው ገና አሁን ነው፣ ጠርተዋችሁ ብትቀሩ ደግሞ ቅያሜ አለ። እዚህ ጋ አቦልና ቶናን መለየት ያስፈልጋል። ካፌይን በፈላ ውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ አብዛኛው የሚወጣው በመጀመሪያው አፈላል፣ አቦሉ ላይ ነው። ቶና ማለት እዛው አተላ ላይ ውሃ ጨምሮ ማፍላት ነው፣ ስለዚህ የሚደርሰው የተረፈው ነው፣ ባዶ ግን አይደለም፣ አቦል ሲቀዳ ጀበናው ሙልጭ ስለማይል ከአተላው ጋር የቀረው አቦል ቶናው ውስጥ ይገባል። በረካ ደግሞ ከሁሉም ቀጭኑ ነው።

እኔ ይሄን ሳውቅ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ አቦሉ ተጠጥቶ ሲያልቅ ጠብቄ መሄድ ጀመርኩ። ቡና የሚያፈሉት ጎረቤቴ እትዬ ገና ከበር ሲያዩኝ "አይ ልጄ፣ አቦሉ አመለጠህ" ብለው አዘኑና ሙቀጫው ውስጥ የቀረውን ቡና በሙሉ ጀበናው ውስጥ ገለበጡት፣ ቶና ተብሎ የመጣልኝ ከአቦል የባሰ ሆነ፣ በዛ ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ሲሆን ሰምቻለሁ። ስለዚህ አርፍዳችሁ አትግቡ። ግማሽ ስኒ ይቅዱልኝ ማለትም አይሰራም፣ ሞክሬዋለሁ፣ ሞልተው ነው የሚሰጧችሁ።

የሰራልኝ በሰአቱ ሄዶ በግልጽ መናገር ነው። "እትዬ፣ አቦሉን ለነሱ ይስጡልኝ፣ እኔ ከቶናው ነው የምጀምረው፣ እባክዎ አዲስ ቡና አይጨምሩበት" አልኳቸው። "ምነው፣ ቡናዬ አስጠላህ?" አሉ፣ እንቅልፍ እምቢ እንዳለኝ ስነግራቸው ግን ገባቸው፣ አሁንማ ሌላ ሰው አቦሉን ሊያቀብለኝ ሲል ራሳቸው ይከለክሉልኛል። አቦሉ እስኪያልቅ ቆሎውን ትበላላችሁ። በረካውን ደግሞ ሳትሰጉ ተቀበሉ፣ ሳይጠጡ መነሳትም ነውር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በአንዴ አታቁሙ። እኔ አንድ ሰኞ ተናድጄ ጭራሽ ተውኩት። ማክሰኞ ራሴን ለሁለት የሚሰነጥቅ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሰው ሲያናግረኝ መበሳጨት፣ ታይፎይድ ነው ብዬ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ፣ ምንም የለም ተባለ። እትዬ ሳቁብኝና ስኒ አስያዙኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀኝ። አራራው ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰአት ባለው ጊዜ ነው የሚጀምረው፣ ቀናት ሊቆይም ይችላል። በሁዳዴ እስከ 9 ሰአት የሚጾም ሰው ራሴን አመመኝ ሲል አንዳንዴ ረሀቡ ሳይሆን ቡናው ነው። ስለዚህ በሶስት በአራት ቀን ግማሽ ማንኪያ እየቀነሳችሁ ውረዱ፣ ጾሙ ሲቃረብም አስቀድማችሁ ጀምሩ።

ማታ ላይ እጃችሁ ትኩስ ነገር ከፈለገ ገብስ አጥቁራችሁ ቆልታችሁ አፍሉ፣ ቡና ቡና ይላል ግን ካፌይን የለውም (የኔ የመጀመሪያው አሮብኝ ቤቱ ለሁለት ቀን ሸተተ፣ እሳቱን ቀንሱ)። ከዚያ ይልቅ እኔ የምመርጠው ጦስኝ ነው፣ ከደጋ የሚመጣውን ገበያ ላይ ታገኙታላችሁ፣ አንድ ቁንጥር በፈላ ውሃ ከድናችሁ አምስት ደቂቃ ማቆየት ብቻ ነው። ሻይ ቅጠል ግን እንዳትጨምሩበት፣ እሱም ካፌይን አለው።