ልጃችሁን ኮሌጅ ለስፖርት ሲፈልገው፦ ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በሲያትል ብዙ የሀበሻ ልጆች በሃይስኩል ይሮጣሉ፣ ኳስም ይጫወታሉ። አንዳንዶቹ በጣም ጎበዝ ናቸው። የኮሌጅ አሰልጣኝ ሲደውል ቤቱ በደስታ ይሞላል፤ የሚያስደስት ነገር ነውና። ችግሩ ብዙዎቻችን የምናውቀው የድሮውን መንገድ ብቻ መሆኑ ነው። ስኮላርሺፕ አገኘ፣ አራት ዓመት ተማረ፣ ተመረቀ፣ አለቀ። ያ መንገድ አሁን ብዙ ተቀይሯል።

በጁን 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው በኤንሲ ደብል ኤ (NCAA) ላይ 9 ለ 0 ፈረደ። ከቀናት በኋላ፣ ጁላይ 1፣ ተማሪ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ኤን አይ ኤል የሚባለው ይሄ ነው። በዚያው ዓመት አንድ ስፖርተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ ሲቀይር አንድ ዓመት ቁጭ ማለቱ ቀረለት። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ የትምህርት መስፈርቱን እስካሟላ ድረስ ደጋግሞ መዛወር ይችላል። በጁን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን «ሀውስ» የሚባለውን፣ ስፖርተኞች ያቀረቡትን ክስ የቋጨውን ስምምነት አጸደቁ። በዚህም ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀመሩ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ለዘመናት ስታዲየም ሞልተው ምንም ሳይከፈላቸው ለኖሩ ልጆች ይሄ ፍትሕ ነው ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ ሲመጣ ግን ወረቀቱም፣ አማላጁም፣ አደጋውም አብሮ ይመጣል።

1. በቴሌቪዥን የሚወራውን ሚሊዮን ለልጃችሁ ማሰብ

ገንዘቡ በእኩል አይከፋፈልም። በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ወደ 75 በመቶውን ለአሜሪካን ፉትቦል፣ 15 በመቶውን ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ይሰጣል። ሯጩ፣ እግር ኳስ ተጫዋቹና ሌላው ሁሉ የሚሻማው በተረፈችው ላይ ነው። ልጆቻችን ደግሞ በብዛት ያሉት እዚያ ነው።

ስምምነቱ ሌላም ነገር ቀይሯል። ድሮ ቁጥሩ የተገደበው ስኮላርሺፑ ነበር፤ ለምሳሌ የወንዶች አትሌቲክስ ለመላው ቡድን 12.6 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበረው። አሁን የሚገደበው የቡድኑ አባላት ቁጥር ነው። ስምምነቱን በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የአገር አቋራጭ ቡድን ከ17 ሯጭ አይበልጥም። ስለዚህ ሙሉ ስኮላርሺፕ የመስጠት ዕድሉ ሰፍቷል፤ ያለ ስኮላርሺፕ ቡድን ውስጥ ቆይቶ ቀስ በቀስ የማደግ ዕድሉ ግን ጠቧል። አሰልጣኙን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ስለ ኤን አይ ኤል አይደለም። ስኮላርሺፑ ስንት በመቶ እንደሚሸፍንና ለስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቁ።

በሩጫ ዋናው ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ከኮሌጅ በኋላ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኬንታኪ ውስጥ የተወለደው ያሬድ ኑጉሴ በኖትርዳም ተምሮ በ2019 የኮሌጆች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ። ኦን ከተባለው የጫማ ኩባንያ ጋር የፈረመው ከዚያ በኋላ ነው። በ2024 ደግሞ በፓሪስ ኦሎምፒክ ነሐስ አገኘ።

2. የቃል ተስፋን እንደ ውል መቁጠር

በ2024 የዩኤንኤልቪ (የላስ ቬጋስ ኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ) ፉትቦል ቡድን ኳርተርባክ ማቲው ስሉካ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ ቡድኑን ጥሎ ወጣ። የእሱ ወገን «100,000 ዶላር ቃል ተገብቶልን አልተከፈለንም» አለ። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ የጣስኩት ነገር የለም አለ። የተፈረመ ወረቀት በሌለበት ማን ያሸንፋል? ጄደን ራሻዳ የተባለው ልጅ ደግሞ ወደ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ የ13.85 ሚሊዮን ዶላር ወረቀት ተፈርሞለት ነበር። ገንዘቡ አልመጣም፤ በ2024 ክስ መሠረተ። ወረቀት ያለው እንኳን ፍርድ ቤት ከደረሰ፣ በስልክ «አታስቡ፣ እኔ አለሁ» የተባለ ወላጅ ምን ይዞ ይከራከራል?

ብዙ ወላጆች የሰሙት፣ ልጁን ከኮሌጁ ጋር ያስር የነበረው ብሔራዊ የፊርማ ደብዳቤም በኦክቶበር 2024 ቀርቷል። አሁን የሚያስረው የዩኒቨርሲቲው የገንዘብ ድጋፍ ስምምነት ነው። እሱን በእጃችሁ ሳትይዙ ለሌሎች ኮሌጆች «አንፈልግም» አትበሉ።

3. ውሉ የሚያበቃበትን ቀን ሳያዩ መፈረም

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ጀርቨን ዴክስተር የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ሳለ ቢግ ሊግ አድቫንስ ከሚባል ኩባንያ 436,485 ዶላር ተቀበለ። በምላሹ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካን ፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ) ከገባ ለ25 ዓመት ከታክስ በፊት ከሚያገኘው 15 በመቶውን ሊሰጥ ፈረመ። አስቡት። 10 ሚሊዮን ቢያገኝ 1.5 ሚሊዮኑ የኩባንያው ነው። ታክሱን ደግሞ ራሱ ይከፍላል። በ2023 ውሉ ይፍረስልኝ ብሎ ከሰሰ።

የልጃችሁ ውል የ2,000 ዶላር ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ያው ነው። ውሉ መቼ ያበቃል? ከተመረቀ በኋላ ስሙንና ፎቶውን ማን ይጠቀምበታል? ቢጎዳ ክፍያው ይቀጥላል? ኮሌጅ ቢቀይር የተቀበለውን ይመልሳል? አሁን ዩኒቨርሲቲዎች በሚያዘጋጁት ውል ውስጥ ይሄ የመጨረሻው እየተለመደ መጥቷል፤ በደንብ ፈልጉት። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ያመልጣችኋል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ያን ቀን አትፈርሙ።

ኤጀንቱም ቢሆን ስንት በመቶ እንደሚወስድ አስቀድማችሁ በጽሑፍ እወቁ። በኤንኤፍኤል የተጫዋቾች ማኅበር ከተጫዋቹ የቡድን ውል ላይ ኤጀንት ከ3 በመቶ በላይ እንዳይወስድ ከልክሏል። የኮሌጅ ልጆች እንዲህ የሚከላከልላቸው ማኅበር የላቸውም።

4. ተናዶ ትራንስፈር ፖርታል መግባት

ልጁ ደውሎ «አያጫውተኝም፣ ልወጣ ነው» ይላል። ፖርታሉ ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ስፖርተኞች ስማቸው የሚመዘገብበት ሥርዓት ነው። መግባቱ ቀላል ነው። የዝውውር ጊዜው ክፍት ከሆነ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ዩኒቨርሲቲው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ስሙን ያስገባዋል። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስሙ ከገባ ዩኒቨርሲቲው ከተርሙ በኋላ ስኮላርሺፑን ሊያቋርጥ ይችላል። አሰልጣኙም መልሶ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ፖርታል ውስጥ ገብተው ቡድን ሳያገኙ የሚቀሩ ብዙ ናቸው። ስማቸው ዜና ላይ ስለማይወጣ አንሰማም እንጂ።

ክሬዲቱ ደግሞ አለ። ዲቪዚዮን አንድ በሚባለው ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ ውስጥ ስፖርተኛው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር የዲግሪውን 40 በመቶ፣ አራተኛውን ሲጀምር 60 በመቶ ጨርሶ መገኘት አለበት። አዲሱ ኮሌጅ ግማሹን ኮርስ አልቀበልም ካለ ልጁ ጎበዝ ተማሪ ሆኖ ሳለ መጫወት አይችልም። ምረቃውም ይዘገያል። እኛ ደግሞ ልጅ ወደ ኮሌጅ የምንልከው ለዲግሪው ነው። ስለዚህ አዲሱ ኮሌጅ የትኞቹን ኮርሶች እንደሚቀበል ሳይጽፍላችሁ እሺ አትበሉ።

መዛወር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። አሰልጣኙ ከሄደ፣ ወይም ልጁ እየተጎዳ ከሆነ መውጣት ተገቢ ነው። በአንድ መጥፎ ሳምንት ግን አይወሰንም።

5. ታክስን መርሳት

የኤን አይ ኤል ገንዘብ ገቢ ነው። ከግል ሥራ የተጣራ 400 ዶላር ያገኘ ሰው ታክስ ማሳወቅ አለበት። ማንም ቀድሞ አይቆርጥለትም። 10,000 ዶላር ትርፍ ያገኘ ልጅ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ብቻ ወደ 1,400 ዶላር ይከፍላል፤ የገቢ ታክሱ ሌላ ነው። በፋፍሳ (የመንግሥት የኮሌጅ ድጋፍ ማመልከቻ) በኩል የሚመጣውን ድጋፍም ሊቀንሰው ይችላል። ከውጭ ድርጅት የሚገኝ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ውል ደግሞ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ኤንአይኤል ጎ በሚባለው ሥርዓት መመዝገብ አለበት።

6. በኤፍ-1 ቪዛ ያለ ልጅ እንደ ጓደኞቹ ይሠራል ብሎ ማሰብ

ይሄ ከአገር ቤት ለመጡ ልጆች ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ማስታወቂያ መሥራት ከተፈቀደለት ሥራ ውጪ ሊቆጠርበት ይችላል። የኮንጎው ተወላጅ ኦስካር ቺብዌ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ኮከብ ሳለ በ2022 የማስታወቂያ ሥራዎቹን የሠራው ቡድኑ ለጨዋታ ባሃማስ በሄደበት ጊዜ ነው። ለትንሽ ብር ብሎ ቪዛውን አደጋ ላይ ከመጣል በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይሻላል። ቡድን ውስጥ ያለ ጓደኛ «እኔም ሠርቻለሁ» ቢል ጓደኛው ዜጋ ሊሆን ይችላል።

7. «እሱ እንግሊዝኛ ይችላል» ብሎ ሁሉን ለልጁ መተው

የ17 ዓመት ልጅ እንግሊዝኛ ይችላል፤ ውል ማንበብ ግን ሌላ ችሎታ ነው። ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አያሳፍርም። አሰልጣኙ በስልክ የነገራችሁን በኢሜይል መልሳችሁ ጻፉለት፦ «እንዲህ ብለኸናል፤ ትክክል ነው?» ብላችሁ። መልሱን አስቀምጡት። ኮሌጅ ከገባ በኋላ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ልጁ ፈቃድ ስለ ውጤቱም ሆነ ስለ ስኮላርሺፑ ለወላጅ አይናገሩም። ስለዚህ መረጃውን እንድታዩ የሚፈቅደውን ፎርም በመጀመሪያው ሳምንት፣ ነገሩ ሁሉ ሰላም ሳለ፣ አስፈርሙት።