የኢንዱስትሪ አርኪዮሎጂስት እንዴት መሆን ይቻላል?

ፋብሪካ ሲዘጋ ቀድሞ የሚሄደው ማሽኑ ነው። ተነቅሎ በውዳቂ ብረት ዋጋ ይሸጣል፤ መዝገቡ ይጣላል፣ ሠራተኛው ይበተናል። የኢንዱስትሪ አርኪዮሎጂስት ከቀረው ተነሥቶ በቦታው ምን፣ በማንና እንዴት ይመረት እንደነበር ይመረምራል።

መጀመሪያ ትምህርቱ። የተለመደው በር የአርኪዮሎጂ ዲግሪ ነው፤ ከታሪክ፣ ከሥነ ሕንፃ ወይም ከምህንድስና የሚመጡም አሉ። ወደ ልዩ ሙያው የሚገባው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛ ዲግሪ ነው። ልኬት፣ ንድፍና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተማሩ።

ቀጥሎ የምርት ሂደትን አጥኑ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ የሙያው ልብ ይህ ነው። ብረት አምራቹ አብርሃም ዳርቢ እ.ኤ.አ. በ1709 እንግሊዝ ውስጥ ኮልብሩክዴል በተባለ ቦታ በእንጨት ከሰል ፈንታ በኮክ፣ ማለትም የድንጋይ ከሰል አየር በሌለበት ግሎ በሚገኝ ነዳጅ፣ ብረት ማቅለጥ ቻለ። ምድጃው ዛሬም አለ፤ ኮክ ምን እንደለወጠ ለማያውቅ ግን የድንጋይና የጡብ ክምር ነው። ስለዚህ በየትኛውም ፋብሪካ ጥሬ ዕቃው በየት ገባ፣ ኃይሉ ከውሃ፣ ከእንፋሎት ወይስ ከኤሌክትሪክ መጣ፣ ምርቱ በየት ወጣ ብላችሁ ተከተሉ። ግድግዳ ላይ በረድፍ የቀሩ ቀዳዳዎች ኃይል ለማሽኖቹ ያከፋፍል የነበረው ዘንግ የታሰረበትን ሊጠቁሙ ይችላሉ። ብረት ሲቀልጥ የሚቀረው ዝቃጭም በላቦራቶሪ ሲመረመር ስለ ማዕድኑና ስለ ምድጃው ሙቀት ይናገራል።

ከዚያ ሰዎቹን ፈልጉ። የማሽኑ ድምፅ ሲለወጥ ብልሽቱን በጆሮ የሚለይ ሠራተኛ ያለው እውቀት በንድፍ ወረቀት ላይ አይገኝም። በዕድሜ የገፉትን አስቀድማችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። ቢቻል ከፋብሪካው ግቢ ውስጥ አነጋግሯቸው፤ እጃቸው ራሱ ማሽኑ የቆመበትን ያሳያል።

ወደ ተተወ ሕንፃ ያለ ፈቃድና ብቻችሁን አትግቡ። አስቤስቶስ የተባለው ቃጫማ ማዕድን፣ የእርሳስ ብረትና አርሴኒክ የተባለው መርዝ በዓይን ሳይለዩ ሳንባና ደም የሚጎዱ ናቸው።

ሥራው በሙዚየሞች፣ በቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶችና ከግንባታ በፊት ጥናት በሚያካሂዱ ድርጅቶች ይገኛል። የትም ብትቀጠሩ እ.ኤ.አ. በ2003 በሩሲያ የጸደቀውን፣ የኢንዱስትሪ ቅርስ አጠባበቅን የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የኒዥኒ ታጊል ቻርተርን አንብቡ። ቻርተሩ ቦታው ከመነካቱ በፊት ሙሉ ምዝገባ እንዲደረግና መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤተ መዛግብት እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ፋብሪካው ሥራ ሳያቆም መመዝገብ ብዙ መረጃ እንደሚያስገኝም ያስታውሳል፤ ሊዘጋ ነው የተባለ ፋብሪካ ስትሰሙ መዝጊያውን ሳትጠብቁ ፈቃድ ጠይቁ።