«ሞተሩ ሞቷል» ሲሏችሁ አትቸኩሉ

መኪናዬ የ1999 ሞዴል ኮሮላ ናት። አባቴ ነድቶ ነድቶ ሲበቃው ለእኔ አስረከበኝ። አምና ከአዲስ አበባ ስመለስ ፈጣን መንገዱን ጨርሼ አዳማ መውጫው ላይ ልከፍል ቆምኩ። በእኔ በኩል ያለው መስታወት አልወርድ አለ። ብጫን ብጫን ወይ ፍንክች! በሩን ከፍቼ፣ በግማሽ ሰውነቴ ወጥቼ ከፈልኩ። ከኋላዬ የቆመው ከባድ መኪና ጥሩምባውን ለቀቀብኝ።

በማግስቱ ያሳየሁት ኤሌክትሪሺያን ስዊቹን ሁለቴ ተጫነና «ሞተሩ ሞቷል» አለኝ፤ በሩ ውስጥ ሆኖ መስታወቱን የሚያወጣውንና የሚያወርደውን ትንሽ ሞተር ማለቱ ነው። ያገለገለ ሞተር ተገዛ፣ የእጅም ተከፈለ፣ መስታወቱ ሠራ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ቆመ።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ዑደቱ ካልተዘጋ ኤሌክትሪክ አይፈስም እያልኩ ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ። የራሴ በር ውስጥ ዑደቱ የት ጋ እንደተቋረጠ ሳልጠይቅ ግን ሞተር ገዛሁ። ያዳኑኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። «ልጄ፣ ሳትፈቺው በፊት ጠይቂው» አሉኝ።

ጥያቄው የሚጀምረው ከቁጥር ነው። ስንት መስታወት ነው እምቢ ያለው? ሁሉም በአንዴ ከቆሙ መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። እንደ መኪናው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 አምፔር ነው። አንድ ብቻ ከቆመ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ፊውዙ አይደለም። የተሳፋሪዎቹ ብቻ ካልሠሩ ደግሞ ሾፌሩ በር ላይ ያለችውን የመስታወት መቆለፊያ ቁልፍ ተመልከቱ። እኔ አንዴ የእህቴ ልጅ ተጭኗት ወርዶ፣ መኪናዋን ይዤ ጋራዥ ድረስ ሄጃለሁ። ጋራዥ ውስጥ የሳቀብኝን ሰው ቁጥር አልነግራችሁም።

ቀጥሎ ከየት በኩል ስትጫኑት እንደማይሠራ ለዩ። በእኔ መኪና ፍንጩ እዚህ ነበር። የሾፌሩ መስታወት ቆሟል። ሌሎቹ ሦስቱ ከእኔ በኩል ስጫናቸው አይሠሩም፣ ከየራሳቸው በር ግን ይሠራሉ። አንድ ሞተር ቢሞት የሌሎቹን ስዊች ምን አገባው? ችግሩ እኔ በር ላይ ያለው ዋና ስዊች ወይም ለእሱ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ሽቦ ላይ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ካቻቪቴ እንኳ አያስፈልግም ነበር።

የጎረቤቴ ሁለተኛ ዘዴ የጣሪያ መብራቷ ናት። ሲመሽ የመኪናውን ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ፣ የጣሪያውን መብራት አብሩ፣ ከዚያ የመስታወቱን ስዊች ተጫኑ። መብራቷ ደብዘዝ ካለች ኤሌክትሪኩ ደርሷል ማለት ነው። የመስታወቱ ሞተር እየታገለ ነው፤ ወይ መስታወቱ ተጣብቋል፣ ወይ ሞተሩ ራሱ ነክሶ አልዞር ብሏል። መብራቷ ንቅንቅ ካላለችና ድምፅም ከሌለ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ወይም ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን ለሚሽከረከረው ክፍል የሚያደርሰው ካርቦን አልቋል። ሞተሩ እየጮኸ መስታወቱ ካልተነቃነቀ ደግሞ ማንሻው ነው፤ ገመዱ ተበጥሷል ወይ ጥርሱ ተበልቷል።

መብራቷ ዝም ካለች ስዊቹን እንደተጫናችሁ በሩን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉት። በዚህ ከነቃ ካርቦኑ ነው፤ ያኔ «ሞተር ይቀየር» የሚላችሁ ሰው እውነቱን ነው። ካልነቃ ስዊቹን ሳትለቁ በሩን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። የእኔው በሩ እኩሌታ ሲደርስ መስታወቱ ዝቅ አለ! በሩ ሲዘጋ ቆመ። በበሩና በመኪናው አካል መካከል አንድ የጎማ ቱቦ አለ፤ ሽቦዎቹ የሚያልፉት በዚያ ነው። በር በተከፈተ ቁጥር ይታጠፋሉ። ከሃያ ዓመት በላይ ሲታጠፍ የኖረ ሽቦ ፕላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል። ኤሌክትሪሺያኑ ሞተር ሲቀይር ሽቦውን ነካክቶት ለጊዜው ገጥሞለት ነበር። ሦስት ሳምንት የሠራው ለዚያ ነው።

የበሩን ሽፋን መፍታት ካስፈለገ ቫይቶቹ የሚደበቁት እጀታው ጎድጓዳ ውስጥና ከመክፈቻው ሥር ነው። ከውስጥ የተለጠፈውን ላስቲክ አትጣሉት፤ ክረምት ሲገባ ውሃው ወንበራችሁ ላይ እንዳይመጣ የሚከለክለው እሱ ነው። ለመለካት እኔ ከቴስተር ይልቅ የፍሬን አምፖል እመርጣለሁ፤ ባለ 21 ዋቱን። አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ ቴስተሩ ላይ 12 ቮልት ያሳይና ሞተር መሸከም ያቅተዋል። አምፖሉ ግን አይዋሽም፣ ወይ ይበራል ወይ ይፈዛል።

አምፖሉን ሞተሩ ሶኬት ላይ ባሉት ሁለት ሽቦዎች መካከል ያዙና ስዊቹን ወደ ላይም ወደ ታችም ሞክሩ። በሁለቱም ከበራ ጥፋቱ ሞተሩ ወይ ማንሻው ላይ ነው። በአንዱ ብቻ ከበራ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ሽቦዎች ጤነኛ ናቸው፣ ምክንያቱም ለመውጣትም ለመውረድም የሚያገለግሉት እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ስዊቹን ጠርጥሩ። የተሳፋሪ በር ከሆነ ግን ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ስዊቾች ናቸው፣ የእሱና የሾፌሩ። በሁለቱም ካልበራ ወደ ስዊቹ፣ ከዚያም ወደ ጎማው ቱቦ ሂዱ።

የአዳማ ነገር ደግሞ አለ። እዚህ ነፋሱ የሚያመጣው አቧራ መስታወቱ በሚንሸራተትበት የጎማ ቦይ ውስጥ ይጋገራል። መስታወቱ እያቃሰተ ይወጣል፣ ሞተሩ ይግላል፣ በቀትር ቀጥ ይላል። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። ብዙ ሞተሮች ውስጥ ሲግሉ ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ መከላከያ ስላለ ነው። ቦዩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ሲደርቅ ሲሊኮን ንፉበት። ዘይት ወይ ግራሶ እንዳትቀቡ። ጎማውን ያሳብጠዋል፣ አቧራውንም እንደ ሊጥ ያቦካዋል።

ሽቦውን የጠገንኩት ራሴ ነኝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ፣ በዚያው ውፍረት አዲስ ሽቦ ትንሽ ላላ አድርጌ ቀጠልኩ፣ በስታኞ በየድኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ጠምዝዞ በናስትሮ ማሰር ብቻውን በር ላይ አይከርምም። እየሠራችሁ ደግሞ ጣታችሁን ጠብቁ። የድሮ መኪና መስታወት እጅ ሲነካ ተመልሶ አይወርድም።

የተቀየረ ዕቃ ምንጊዜም ተቀበሉ፤ የከፈላችሁበት ነው። እኔም አሮጌውን ሞተር ተቀብዬ ነበር። ዘንድሮ ክፍል ወስጄ ተማሪዎቼ ፊት ከባትሪ ጋር አገናኘሁት። አንዱ ልጅ ሽቦዎቹን ሲያገላብጥ ሞተሩ ወደ ኋላ ዞረ። «ሞቷል» የተባለው ሞተር እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ይሽከረከራል።