ሱቁ ሊዘጋ ነው ሲባል፦ ከጫማ ክፍል የተጻፈ መመሪያ

አሜሪካ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ዲፓርትመንት ስቶር ውስጥ 9 ዓመት ጫማ ሸጫለሁ። የሴቶች ጫማ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሱቁ ሲዘጋ ምን ማድረግ እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ግማሹን ተሳስቼ ነው የተማርኩት። እናንተ እንዳትሳሳቱ ይኸው።

መዘጋት በደብዳቤ አይጀምርም፣ በስኬጁል ነው የሚጀምረው። በሳምንት 38 ሰዓት የነበረው 32 ይሆናል፣ ቀጥሎ 24። የወጣ ሰው አይተካም። እኛ ጋ ለአራት ክፍል አንድ ካሸር ቀረ። እኔ ጫማ ላወጣ ስቶክ ሩም ስገባ፣ ቦርሳ የያዘችው ደንበኛ ሂሳብ የሚቀበላት አጥታ እየተነጫነጨች ትወጣለች። ከዚያ "ሽያጭ ቀንሷል" ተብሎ ሰዓታችን እንደገና ይቆረጣል። ሽያጩ ለምን እንደቀነሰ እናውቅ ነበር፤ የጠየቀን የለም እንጂ።

ሰዓት ሲቆረጥባችሁ ዝም አትበሉ። ሥራ ላይ እያላችሁም ከፊል የሥራ አጥ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ ስንት ሰዓት ሲቀነስ እንደሚከፈል የየስቴቱ ሕግ ይወስናል። እኔ ይህን ያወቅኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው። በዚያ ላይ በኋላ የሚከፈላችሁ የሚሰላው ቀደም ባሉት ወራት ካገኛችሁት ደመወዝ ስለሆነ፣ በጎደለ ሰዓት ረጅም ጊዜ መቆየት ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

ቀጥሎ ቀኑን አጣሩ። በ1988 የወጣ ዋርን አክት የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። 100 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ኩባንያ አንድ ቦታ ዘግቶ ቢያንስ 50 ሰው ሥራ የሚያሳጣ ከሆነ፣ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ግን አንድ ቀዳዳ አለው። በአማካይ በሳምንት ከ20 ሰዓት በታች የሚሠራ ወይም ከገባ ስድስት ወር ያልሞላው ሰው ቆጠራው ውስጥ አይገባም። ፓርት ታይም የበዛበት ሱቅ ታዲያ ቁጥሩ ላይሞላ ይችላል። ከሞላ ግን ማስጠንቀቂያው ለፓርት ታይሞቹም ይገባቸዋል። ብዙ ስቴቶች እነዚህን ማስጠንቀቂያዎች በሠራተኛ መሥሪያ ቤታቸው ድረ ገጽ ላይ ያወጣሉ። ማናጀራችሁ "ወሬ ነው" ካላችሁ እዚያ ገብታችሁ እዩ። የዜናውን ቁጥር ብቻ አትጠብቁ። ሜሲስ የሚባለው የዲፓርትመንት ስቶር ኩባንያ በ2024 መጀመሪያ ላይ 150 ገደማ ሱቆች እንደሚዘጋ ሲናገር፣ የሁሉንም ዝርዝር አብሮ አላወጣም።

ከዚያ የማጣሪያ ሽያጩ ይመጣል። የማታውቋቸው ሰዎች ቢጫ ማስታወቂያ ተሸክመው ይገባሉ፤ ሥራቸው ሱቅ አራግፎ መዝጋት ነው። ደንበኛ እንደ ጎርፍ ይገባል። ባዶ የነበረው ፎቅ ሰልፍ ሲሆን "ምናልባት ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆን?" ማለት ይመጣል። እኔም ብያለሁ። አይቀይሩም። አንድ ቀን አንዲት ሴት የገዛችውን ካርቶን ይዛ ተመለሰች፤ ሁለቱም ጫማ የግራ ነው። የቀኙን ፍለጋ አንድ ሰዓት መደርደሪያ ስገለብጥ ቆየሁ። ቢጫ ማስታወቂያ የሚሰቅለው ሰውዬ አይቶኝ "ተያቸው፣ 70 ከመቶ ቅናሽ ነው" አለኝ። በመጨረሻው ሳምንት መስታወቱ፣ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶቹ፣ ደንበኛ ጫማ ሲሞክር የምቀመጥባት አጭር በርጩማ ሳትቀር ዋጋ ተለጠፈባቸው። እኔ እግር የምለካበትን ብረት በ4 ዶላር ገዛሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

በዚህ ግርግር መሀል ወረቀታችሁን ሰብስቡ። የደመወዝ ወረቀት፣ ስኬጁል፣ የሥራ ምዘና፣ የቀረ የዕረፍት ቀን፤ ሁሉንም አትሙ ወይም በስልክ ፎቶ አንሱ። የሠራተኞች ድረ ገጹ ከሱቁ ጋር ሊዘጋ ይችላል። ያልወሰዳችሁት ዕረፍት በገንዘብ ይከፈል እንደሆነ በኢሜይል ጠይቁ። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች ያስገድዳሉ፤ ሌሎች ለኩባንያው ደንብ ይተዉታል።

የስንብት ክፍያ ወረቀት ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ አትፈርሙ። ኩባንያ ሴቨራንስ እንዲከፍል የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ስለሌለ፣ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ "አልከሳችሁም" የሚል ፊርማ ለመግዛት ነው። ዕድሜያችሁ 40 ከሞላና ቅነሳው የቡድን ከሆነ፣ በዕድሜ አድልዎ የመክሰስ መብታችሁን እንድትተዉ ከማስፈረሙ በፊት የ45 ቀን ማሰቢያ ሊሰጣችሁ ይገባል። ከፈረማችሁም በኋላ ለመሰረዝ 7 ቀን አላችሁ። የሽቶ ክፍሏ ጓደኛዬ 56 ዓመቷ ነበር። የሽቶ ጠርሙስ መሀል ላይ አስደግፋ በአሥር ደቂቃ ፈረመች። ቀኖቹ ገጽ 4 ላይ ተጽፈው ነበር፤ ያየናቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡና ላይ ቁጭ ብለን ስናነበው ነው። ሌላም ነገር እዩ፦ "እስከ መጨረሻው ቀን ካልሠራሽ አይከፈልሽም" የሚል አንቀጽ ይኖራል። ቀድማችሁ ሥራ ካገኛችሁ የትኛው እንደሚሻል አስሉ።

ኢንሹራንስ ላይ አጭር ነኝ። ከሥራ ከወጣችሁ በኋላ በአሠሪው የጤና ኢንሹራንስ ላይ የሚያቆየውን፣ ኮብራ የሚባለውን ለመምረጥ 60 ቀን አላችሁ፤ ውድ ነው፣ የአሠሪውን ድርሻ ጭምር የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ኩባንያው ጨርሶ ፈርሶ የጤና ዕቅዱ ከቀረ ግን ኮብራም የለም። ማርኬትፕሌስ የሚባለውን፣ በግል የጤና ኢንሹራንስ የሚገዛበትን የመንግሥት ገበያ ዋጋ ጎን ለጎን አወዳድሩ፤ እዚያም ሽፋናችሁ ካበቃ በኋላ 60 ቀን ነው።

የሥራ አጥ ክፍያውን ሥራ በቆመ በመጀመሪያው ሳምንት አመልክቱ። "ሴቨራንስ ስለተከፈለኝ አይገባኝም" ብላችሁ በራሳችሁ አትፍረዱ፤ ስቴቱ ይወስን። ፎርሙ ላይ ምክንያቱን ስትሞሉ ተጠንቀቁ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ "ሥራውን ለቀቅኩ" የሚለውን መረጠ። ሱቁ ተዘግቶ ወጣሁ ማለቱ ነበር። በፎርሙ ቋንቋ ግን በገዛ ፈቃዱ ሄደ ማለት ሆነ። ይግባኝ ብሎ እስኪስተካከል ሁለት ወር ያለ ገንዘብ ቆየ። የምትመርጡት ሌይኦፍ (አሠሪው ከሥራ ቀነሰኝ) ወይም የሥራ እጥረት የሚለውን ነው።

ሲቪ ላይ "ሽያጭ" ብላችሁ አትለፉት። ቆጠራ ሠርታችኋል፣ ካዝና ዘግታችኋል፣ አዲስ ሰው አሠልጥናችኋል፤ ስንት ሰው፣ ስንት ጊዜ፣ ጻፉት።

የማናጀራችሁንና የሁለት ባልደረቦቻችሁን የግል ስልክ ደግሞ ዛሬውኑ ያዙ። እኔ አዲስ ሥራ ሳመለክት ለምስክርነት የሰጠሁት የሱቁን ቁጥር ነበር። ቀጣሪዋ ሦስት ቀን ደወለች። ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።