ማንነትን መግጠም፤ ከአሞራ ገደል እስከ ስንኝ

የብሔር ስም ገና በመጀመሪያው ስንኝ ከገባ ግጥሙ መፈክር ይሆናል። ማንነት በአነጋገር ነው የሚታወቀው፤ ሥራውም ከጆሮ ይጀምራል።

ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ፣ ሻጭና ገዢ በዋጋ ሲከራከሩ፣ ሲዳምኛው ከወላይትኛና ከአማርኛ ጋር እንዴት እንደሚቀላቀል አድምጡ። 20 ያህል አነጋገር እንደተሰማ ጻፉ፤ አታርሙ። ቤት ስትገቡ ወደ አማርኛ አልመለስ ያለውን ብቻ አስቀሩ። ሦስት አራት ከተረፈ በቂ ነው።

ቀጥሎ ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚባል የቃል ክፋይ) ቆጠራ ነው። ወል ቤት በሚባለው የአማርኛ ግጥም ምጣኔ አንድ ስንኝ 12 ቀለም አለው፤ 6 ላይ ያርፋል። ድምፅ አልባ ሳድስ አይቆጠርም። ስለዚህ «ጫም-በ-ላ-ላ» 4፣ «ሲ-ደርስ» 2 ነው፤ ግማሹ ሞላ ማለት ነው፦

ጫምበላላ ሲደርስ / ቅቤ ሸቶ ደጁ፣
ከባጃጁ ወርዶ / ሮጠ ሮጠ ልጁ።

ግጥሙ ስለ ጫምበላላ «የሲዳማ ዘመን መለወጫ» የሚል ማብራሪያ የለውም፤ ቅቤውና ሩጫው በዓል መሆኑን ይናገራሉ። ትርጉም በቅንፍ ማስገባት ምጣኔውን ይሰብራል። አንባቢው ግራ ከተጋባ ከባዕዱ ቃል ጎን ያሉትን ቃላት አጠንክሩ። ቆጮና ቡናን ደርድሮ «ባህላችን» ማለትማ የቱሪስት ፖስተር ነው።

ሁለት ቋንቋ ያለው ገጣሚ ለሰምና ወርቅ ትርፍ ጓዳ አለው። ጓዳው ግን ወጥመድም አለበት። «አማ» በሲዳምኛ እናት ነች፤ በአማርኛ ሰውን በሌለበት ማንሳት ነው። ወረቀት ላይ ሸጋ ኅብረ ቃል፣ ማለትም ሰሙንም ወርቁንም የያዘ ቃል ይመስላል። ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ይፈርሳል፤ የአማርኛው «ማ» ይጠብቃል፣ የሲዳምኛው ይላላል፣ ፊደላችን ደግሞ ጥብቀትን አያሳይም። እንዲህ ያለውን ለንባብ እንጂ ለመድረክ አታውጡት።

ረቂቁን ሳምንት አሳድሩት። ከዚያ «እኛ» ያላችሁትን ሁሉ «እኔ» አድርጋችሁ አንብቡ፤ የማታውቁትን ሕይወት ያወራችሁበት ስንኝ ወዲያው ይጋለጣል። የሌላ ብሔር ሰው እንዲናገር ካደረጋችሁ፣ የአማርኛ ስብራቱን ለሳቅ አለመጻፋችሁን አረጋግጡ። ቋንቋው የአፍ መፍቻው ለሆነ ሰው አንብቡለትና ዝም ያለበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ መልሳችሁ የምትጽፉት ያንን ቦታ ነው።